የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቤቱን ውሃ በውሃ አደረገው? ከሰል እንዳታቀጣጥሉ!

ባለፈው ክረምት እናቴ ከጅማ ደወለችልኝ። የማሽኑ የውሃ ጎማ ፈንድቶ ሳሎኑ በውሃ ተሞልቷል። ቤቱ የድሮ ጭቃ ቤት ነው፣ ወለሉ ጣውላ። «አታስብ ልጄ፣ ከሰል አቀጣጥዬ በሩን ዘግቼ አደርቀዋለሁ» አለችኝ። «እማዬ በእግዚአብሔር፣ እንዳታደርጊው!» አልኳት።

ለምን መሰላችሁ? ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አይቆምም፤ ተኝተን ሳናውቀው ሊገድለን ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስመለስ ከጀመራችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. መብራቱን ከቆጣሪው ላይ አጥፉ። ቆጣሪው ጋ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ካለባችሁ አትሞክሩ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ቀጥሎ የውሃውን መስመር ዝጉ።

2. ውሃውን ጠርጋችሁ ምንጣፍና ፍራሽ ቶሎ አውጡ። እርጥብ ነገር ላይ ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ውስጡ ድረስ ርሶ ሁለት ቀን የቆየ የስፖንጅ ፍራሽ ቢጣል ይሻላል።

3. ዕቃዎችን ከግድግዳው አርቁ። ዝናብ ሲያባራ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሲዘንብ ዝጉ፤ መብራቱ በባለሙያ ታይቶ ከተመለሰ በኋላ ቬንትሌተር ተጠቀሙ። የጣውላው ላይ መድረቁ አያታላችሁ፣ እርጥበቱ ከሥር ነው። አናጺ አንድ ሁለት ጣውላ ያንሳላችሁ። ግድግዳው በደንብ ሳይደርቅ ቀለም አትቀቡ።

4. ሻጋታ ካያችሁ ማስክና ጓንት አድርጋችሁ በሳሙናና በውሃ እሹት። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች እዚያ ክፍል አይግቡ።

ከዚያ በኋላ ቤት ስትገቡ የሚብስ፣ ስትወጡ የሚሻል ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለባችሁ ለሐኪማችሁ ስለ ቤቱም ጭምር ንገሩት።

የእናቴ ሳሎን ለመድረቅ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጊዜ ወሰደ፣ ግን እሷ ደህና ናት። አሁን ልብስ አጥባ ስትጨርስ የማሽኑን ቧንቧ ትዘጋለች። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

ክረምት ነውና ለቤተሰብ ሼር አድርጉት።