የተወደደ ፉርጎና ዋጋው የተወደደ ፉርጎ

በአማርኛ ቋንቋ «ተወደደ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው በሰው ልብ መፈቀርን፥ ሁለተኛው በገበያ ላይ የዋጋን መናር ነው። ቃሉ አንድ ቢሆንም ነገሩ አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የወደደው ዕቃ ሁልጊዜ ዋጋው አይወደድም፥ ዋጋው የተወደደውም ዕቃ ሁልጊዜ ብዙ ሰው የወደደው አይደለም። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ነጋዴ ገንዘቡን በመጋዘን ቈልፎ ይቀመጣል። ልዩነቱን አጕልተው ከሚያሳዩት የዓለም ገበያዎች አንዱ፥ ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ የሕፃናት ጨዋታ ቢመስልም፥ የአሻንጉሊት ባቡር ፉርጎዎች ገበያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከጅቡቲ ወደብ በምድር ባቡር ሸቀጥ ያስመጣ ነጋዴ ፉርጎ ምን እንደ ሆነ በሚገባ ያውቃል። የአሻንጉሊቱም ፉርጎ ያንኑ እውነተኛውን ፉርጎ አሳንሶ የሚያሳይ ሥራ ነው፤ አሠራሩም በግምት ሳይሆን በታወቀ ልክ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልክ «ኤች ኦ» ይባላል፤ በዚህ ልክ እውነተኛው ነገር 87 ጊዜ ያንሳል፥ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለውም ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል። አርባ ጫማ ማለት 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአሜሪካ የጭነት ፉርጎ በዚህ ልክ ሲሠራ 14 ሳንቲሜትር ይሆናል። በአሜሪካ «ኦ» በሚባለው በትልቁ ልክ 48 ጊዜ ስለሚያንስ 25 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ «ኤን» በሚባለው በትንሹ ልክ ደግሞ 160 ጊዜ ስለሚያንስ ከ8 ሳንቲሜትር በታች ይሆናል። ገዢዎቹም ዛሬ በአብዛኛው ልጆች ሳይሆኑ በአሜሪካ፥ በጀርመን፥ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች የሚኖሩ በዕድሜ የበሰሉ ሰዎች ናቸው።

ሰብሳቢው ባቡሩን የሚጎትተውን ሎኮሞቲቭ እንጂ ፉርጎውን ለምን ይፈልጋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ከንግዱ አጀማመር ይገኛል። በጀርመን አገር በጎፒንገን ከተማ በ1859 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜርክሊን ድርጅት በ1891 ዓ.ም. በላይፕሲክ የንግድ ትርኢት ላይ ያቀረበው ባቡር፥ ልጁ አንድ ጊዜ ተቀብሎት የሚጨርሰው ስጦታ ሳይሆን፥ ሀዲዱ በታወቀ ስፋት የተሠራና በየጊዜው ሊጨመርበት የሚችል ነበር። ዛሬ ሎኮሞቲቩንና ክብ ሀዲዱን የገዛ አባት ለሚመጣው በዓል ፉርጎ ይገዛል፤ በተከታዩ ዓመት ሌላ ፉርጎ፥ ከዚያም ጣቢያውንና ድልድዩን ይጨምራል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ ደንበኛውን የሚያመጣ፥ ፉርጎው ግን ደንበኛውን የሚያቈይ ሸቀጥ ሆነ። ዋጋው ከሎኮሞቲቩ ስለሚያንስና ዐይነቱም እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፥ የሰብሳቢ መደርደሪያ ከሎኮሞቲቭ ይልቅ በፉርጎ ይሞላል።

በአሜሪካም ነገሩ የተጀመረው በፉርጎ ነው። ጆሹዋ ላዮኔል ካወን የተባለው ሰው የላዮኔልን ድርጅት በ1900 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ አቋቁሞ፥ በተከታዩ ዓመት ክዳን የሌለው የእንጨት ሣጥን የሚመስል ፉርጎ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር እየተነዳ በክብ ሀዲድ ላይ እንዲዞር አድርጎ ሠራ። ዓላማው አሻንጉሊት ለመሸጥ አልነበረም፤ ባለሱቆች ሸቀጣቸውን በፉርጎው ላይ ጭነው በሱቃቸው መስኮት ውስጥ እንዲያዞሩትና መንገደኛውን እንዲስቡበት ነበር። ነገር ግን በድርጅቱ ታሪክ ሲነገር እንደሚኖረው፥ ወደ ሱቁ የገቡት ደንበኞች የጠየቁት በፉርጎው ላይ የተጫነውን ሸቀጥ ሳይሆን ፉርጎውን ራሱን ነበር። ካወንም የገበያውን ድምፅ ሰምቶ ከማስታወቂያ መሣሪያ ወደ አሻንጉሊት ባቡር ሥራ ዞረ፤ ድርጅቱም በ1950ዎቹ ዓመታት በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የአሻንጉሊት ሠሪዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

ከፉርጎዎቹ መካከል በሰብሳቢዎች ዘንድ ይበልጥ የሚወደዱት በጥቂት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ወገን ሥራ የሚሠራው ፉርጎ ነው። ከነዚህም ውስጥ ስሙ የገነነው ላዮኔል በ1947 ዓ.ም. ያወጣው የወተት ፉርጎ ነው። አጫዋቹ ቍልፉን ሲጫን የፉርጎው በር ይከፈትና ነጭ ልብስ የለበሰ ትንሽ ሰው ብቅ ብሎ የወተቱን ጋን በመድረኩ ላይ ያኖራል። ልጆች ይህን ሰው እስኪሰለቹት ድረስ ያሠሩት ነበር፤ ወላጆችም ስለ ገዙት ድርጅቱ ቍጥሩንና መልኩን እየለወጠ ለብዙ ዓመታት ሠራው።

ሁለተኛው ወገን በአሜሪካ ባቡር መጨረሻ ላይ የሚቀጠለውና «ካቡስ» የሚባለው የሠራተኞች ፉርጎ ነው። በእውነተኛው ባቡር ላይ ተቈጣጣሪው በዚህ ፉርጎ ተቀምጦ ጭነቱንና መንኰራኵሩን ይጠብቅ ነበር። ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በመጨረሻው ፉርጎ ላይ የሚታሰር የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስለ ተካው፥ ካቡስ ከአሜሪካ የጭነት መስመሮች ከጥቂት ልዩ አገልግሎት በቀር ጠፍቷል። ከእውነተኛው ሀዲድ ላይ መጥፋቱ ግን በሰብሳቢው መደርደሪያ ላይ ያለውን ክብር ከፍ አደረገለት እንጂ አላሳነሰበትም።

ሦስተኛው ወገን የድርጅት ስም የተጻፈበት የጭነት ፉርጎ ነው፤ ይህም የንግድን ሰው በተለይ ሊስበው የሚገባ ነው። ላዮኔል ከ1953 ዓ.ም. አንሥቶ 6464 የሚል ቍጥር የያዙ የተዘጉ ፉርጎዎችን በተከታታይ አወጣ፤ እያንዳንዱም የአንድ እውነተኛ የአሜሪካ የምድር ባቡር ኩባንያ ቀለምና ምልክት ነበረው። በእንግሊዝ አገርም በሊቨርፑል ከተማ ፍራንክ ሆርንቢ በ1920 ዓ.ም. ባቡር መሥራት ከጀመረ በኋላ፥ የብስኩትና የሰናፍጭ ፋብሪካዎች ስም ያለባቸውን ፉርጎዎች አወጣ። ከነዚህም የኮልማን ሰናፍጭ ስም ያለበት ፉርጎ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ተሠራ፥ ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚሹት የሆርንቢ ሥራ አንዱ ነው።

የማስታወቂያ ፉርጎ በእውነተኛው የምድር ባቡር ላይ ክርክር አስነሥቶ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። በአሜሪካ የሥጋ፥ የቅቤና የቢራ ኩባንያዎች በተከራዩት ማቀዝቀዣ ፉርጎ ጎን ላይ ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ያጽፉ ነበር። አንዱ ነጋዴ የተፎካካሪው ስም በተጻፈበት ፉርጎ ሸቀጡን መጫን ስለማይወድ ፉርጎው ሲመለስ ባዶውን ይጓዝ ነበር፤ የፉርጎ አከራዮች ለማስታወቂያው የሚያደርጉትም ቅናሽ የጭነት ዋጋን በስውር እንደ መቀነስ ተቈጠረ። ስለዚህ በክፍላተ ሀገር መካከል የሚደረገውን ንግድ የሚቈጣጠረው የአሜሪካ ኮሚሽን በ1934 ዓ.ም. በዚህ ልማድ ላይ ውሳኔ ሰጠ፥ ፉርጎዎቹም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመስመር ጠፉ። ዛሬ እነዚያን ቀለማት ማየት የሚቻለው በሙዚየምና በአሻንጉሊቱ ፉርጎ ላይ ነው።

እስካሁን የተነገረው ሰው በልቡ ስለ ወደደው ፉርጎ ነው። ዋጋው ስለ ተወደደው ለማወቅ ግን የላዮኔል የ1957 ዓ.ም. ታሪክ ይጠቅማል። በዚያ ዓመት ድርጅቱ ለወንዶች ልጆች ብቻ ሲሸጥ የኖረውን ባቡር ለሴቶች ልጆችም ለመሸጥ አስቦ፥ ሎኮሞቲቩን ሮዝ፥ ፉርጎዎቹንም ቢጫ፥ ሰማያዊና ሐምራዊ፥ ሁሉንም በለዘበ ቀለም ቀብቶ አወጣ። ልጃገረዶቹ ግን አልተቀበሉትም፤ ባቡር የምትወደው ልጅ እንደ ወንድሟ እውነተኛውን የሚመስል ጥቍር ባቡር ትፈልግ ነበርና። ሸቀጡ በየሱቁ ተኝቶ ቀረ፤ አንዳንድ ባለሱቆችም ሎኮሞቲቩን ጥቍር ቀብተው ሸጡት ይባላል። ያ ሁሉ ሰው የናቀው ባቡር ግን በጥቂቱ ስለ ተሸጠ፥ ዛሬ በደኅና የተጠበቀው ከነፉርጎዎቹ በሰብሳቢ ገበያ ላይ በከፍተኛ ዋጋ ይፈለጋል። በአንጻሩ ሁሉ የወደደው የወተት ፉርጎ በብዛት ስለ ተሠራ፥ መጠነኛ ገንዘብ ያለው ሰው ያለ ችግር ሊገዛው ይችላል። ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ሁለት መሆኑ የሚታየው ከዚህ ላይ ነው።

ዋጋውን የሚወስኑት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የቍጥሩ ማነስ ነው። በ6464ቱ ተራ ውስጥ እንኳ አንዱ ፉርጎ ከሌላው የሚለየው በፋብሪካው በአንድ ወቅት በተለወጠ ቀለም ወይም ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ጥቂት የሚመስል ልዩነት ዋጋውን ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው የዕቃው ይዞታ ነው። በ1954 ዓ.ም. በፔንሲልቫንያ የተመሠረተው የአሜሪካ የባቡር ሰብሳቢዎች ማኅበር፥ ገዢና ሻጭ በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ካለው አንሥቶ እስከ ተበላሸው ድረስ ደረጃ አውጥቷል። የዚሁ ማኅበር አባሎች በያመቱ ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያና በጥቅምት፥ በዮርክ ከተማ ለሚደረገው ታላቅ ገበያ ይሰበሰባሉ፤ በዚያም ስለ አንድ ጭረት ረጅም ክርክር ይደረጋል። ሦስተኛው የካርቶን ሣጥኑ ነው። ልጅ አሻንጉሊቱን አውጥቶ ሣጥኑን ስለሚጥል፥ ከፉርጎው ይልቅ የሚጠፋው ሣጥኑ ነው፤ ስለዚህ የላዮኔል ብርቱካንማና ሰማያዊ ሣጥን አንዳንድ ጊዜ በውስጡ ካለው ፉርጎ ይበልጥ ያወጣል።

ዋጋ በወጣ ጊዜ ማታለል እንደሚከተል የታወቀ ነው። ተራውን ፉርጎ ብርቅ በሆነው ቀለም ቀብቶ እንደ ጥንታዊ የሚሸጥ አለ፤ አዲስ የታተመ ሣጥንም ለአሮጌ ዕቃ ይለብሳል። ላዮኔል ራሱ የልጃገረዶቹን ባቡር ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ገና ሠርቶ ስለ ሸጠ፥ የማያውቅ ገዢ አዲሱን በአሮጌው ዋጋ ሊገዛ ይችላል። ከዚህም ሌላ ማንም ሳያታልል የሚመጣ ጉዳት አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከዚንክ ተቀልጠው የተሠሩ መንኰራኵሮችና ክፍሎች፥ በውስጣቸው እርሳስ የመሰለ ባዕድ ማዕድን ከገባባቸው፥ ከጊዜ በኋላ ያብጣሉ፥ ይሰነጠቃሉ፥ በመጨረሻም ይፈራርሳሉ። ስለዚህ አዋቂ ገዢ ቀለሙን ከማድነቁ በፊት ፉርጎውን ገልብጦ መንኰራኵሩን ይመረምራል።

የዚህ ንግድ ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው። ሰብሳቢው የሚገዛው ቆርቆሮና ፕላስቲክ ሳይሆን የልጅነቱን ትዝታ ነው፤ ስለዚህ ገበያው የሚኖረው ትዝታው ያለው ሰው እስካለ ድረስ ነው። አውሮፕላንና አውቶሞቢል የልጆችን ሐሳብ በወሰዱ ጊዜ ላዮኔል ተዳክሞ በ1969 ዓ.ም. የባቡር ሥራውን ጄኔራል ሚልስ ለተባለው የምግብ ኩባንያ በፈቃድ አስተላለፈ። ሜርክሊንም በ2009 ዓ.ም. ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ቀረበ፥ በ2013 ዓ.ም. ግን የሲምባ ዲኪ ባለቤቶች ገዝተው ሥራውን እንዲቀጥል አደረጉት። ከጦርነቱ በኋላ ባደገው ትውልድ እጅ የነበረው ስብስብ አሁን በውርስ ወደ ልጆች እየተላለፈ ነው፤ ልጆቹም ብዙዎቹ ስለማይፈልጉት ለሽያጭ ያወጡታል። በዚህ ምክንያት ብርቅ የሆነው ፉርጎ ዋጋውን ሲጠብቅ፥ በብዛት የሚገኘው ዋጋው ወርዷል። ለጡረታ ይሆነኛል ብሎ ተራውን ፉርጎ በጓዳ ያከማቸ ሰው ያሰበውን አላገኘም፤ ስለ ወደደው የሰበሰበ ሰው ግን ደስታውን በየቀኑ ተቀብሎታልና አልከሰረም።

በአገራችንም የቈየ ቴምብር፥ ሳንቲምና የብር ጌጥ ለሰብሳቢዎች የሚሸጡ ነጋድያን ስላሉ፥ ነገሩ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚቀር አይደለም። ለሰብሳቢ የሚሸጥ ነጋዴ ከመግዛቱ በፊት ዕቃው ስንት እንደ ሆነ፥ በምን ይዞታ እንዳለ፥ እውነተኛነቱንም በምን እንደሚያስረዳ መመርመር ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ያንን ዕቃ አይቶ ልቡ የሚነካው ደንበኛ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባዋል።