ምረቃውን አትጠብቁ

«ሸዋ ሮቢት ተቀምጠህ ስለ ሙዚቃዊ ተውኔት ምን ትጽፋለህ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በየጊዜው ይደርሰኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከተማችን ቴአትር ቤት የላትም። ያላት የደሴ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ሆቴሎች፣ በረንዳ ላይ የወጡ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ሽንኩርት ጭኖ የቆመ አይሱዙ፣ ሙቀቱ እንቅልፍ የነሳው መንገደኛ። ግን እኮ አዲስ ሥራ ለማየት የምሄደው እንዲህ ወዳለ ቦታ ነው። ምረቃ ላይ ብዙም አልገኝም። በምረቃ ቀን ዘመድ አዝማድ ያጨበጭባል፣ አዘጋጁ አበባ ይቀበላል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ሥራው ግን ተቆርጦ ተሰፍቶ አልቋል፣ ማንም ሐሳቡን አይቀይርበትም። ደስ የሚለኝ ሥራው ገና ሲንገዳገድ ማየት ነው።

ታሪካችንም ለእኔ ያደላል። የዘመናዊ ተውኔታችን በኩር የሚባለው፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲ፣ ለታዳሚ የቀረበው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ነበር። ሹማምንቱን በአውሬ አስመስሎ ስለሸነቆጠ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊገባ ሲያኮበኩብ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ከነጻነት በኋላ ሥራውን ያስፋፋው ቀድሞ የምሽት መዝናኛ ክበብ በነበረ አዳራሽ ነው። በዚያ መድረክ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ አጭር ኮሜዲና ቁም ነገር ያለው ተውኔት በአንድ ዝግጅት ተከታትለው ይቀርቡ ነበር። ፈረንጆቹ ካባሬ የሚሉት፣ ሰው እየበላ እየጠጣ ዘፈንና ቀልድ የሚያይበት ትንሽ መድረክ፣ ከዚህ የሚለየው በስሙ ነው።

እነሱም ጋ ትልልቆቹ ሥራዎች የመጡት በዚሁ በር ነው። ሊን ማኑኤል ሚራንዳ «ሃሚልተን»ን ለብሮድዌይ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን ግን በ2009 ኋይት ሐውስ በተዘጋጀ የግጥምና የሙዚቃ ምሽት ላይ ሞክሮት ነበር፤ ገና ተውኔት ስላልነበረ የአልበም ሥራ ነው ብሎ ሲያስተዋውቅ ታዳሚው ሳቀ። በ2017 ደግሞ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች ስለ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ስድስት ሚስቶች የጻፉትን «ሲክስ» ይዘው ኤደንብራ ሄዱ። የታየው በአንድ ሆቴል የስብሰባ ክፍል ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ብሮድዌይ ላይ ተመረቀ። የኤደንብራው ፍሪንጅ ፌስቲቫል ራሱ የተጀመረው በ1947 ሳይጠሩ በመጡ ስምንት ቡድኖች ነው። እዚያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ሙከራ ነው፤ ትኬቱ ይረክሳል፣ አዘጋጁም ሌሊቱን ትዕይንት ሲቆርጥና ሲቀጥል ያድራል። «ሲክስ» በታየበት በዚያው ነሐሴ የጅማዎቹ ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም «ኢትዮጵያን ድሪምስ» የተባለውን የሰርከስ ሥራቸውን ይዘው እዚያው ኤደንብራ ነበሩ። ቀጥለው የሠሩት «ቱሉ» በሙዚቃና በአክሮባት የሯጯን የደራርቱ ቱሉን ሕይወት ይተርካል። ሰርከስ ነው እንጂ ሙዚቃዊ ተውኔት አይደለም የሚለኝ ካለ አልከራከርም።

አሁን ወደ ቤታችን። እኔን ያስተማረኝ የአዝማሪ ቤት ነው። ካዛንቺስ ፈንድቃን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መላኩ በላይ በሽልማት ብቻ እየጨፈረ፣ ሌሊቱን እዚያው ባንኮኒ ሥር እየተኛ ኖሮ በኋላ ራሱ የተረከባት ቤት። ሰፈሩ ሲፈርስ በ2017 ዓ.ም. እሷም አብራ ሄደች። ከሌላ አዝማሪ ቤት አንድ ምሽት ልንገራችሁ። ዘፋኟ ጠረጴዛችን ጋ መጥታ አገሬን ጠየቀችኝ። ሸዋ ሮቢት አልኳት። ማሲንቆው አንድ ዙር ሳይመለስ፣ ሙቀት ሸሽቶ አዲስ አበባ የገባ፣ ማታ ማታ ሽንኩርት እየላጠ «የማለቅሰው በፍቅር ነው» የሚል ቀጣፊ አድርጋ ሣለችኝ። ማሲንቆ መቺው ድምፁን አቅጥኖ ሮቢት የቀረችው ወዳጄ ሆነና መለሰላት፤ ሽንኩርት ተወዷልና አንተን አልጠብቅም፣ አለ። ከጥግ ያለ ሰውዬ «ተቀበል!» ብሎ ጣልቃ ገባ፤ ልጅቷን ለማግባት የመጣ ነጋዴ በእሱ ግጥም ተወለደ። ሦስት ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ጠብ፣ አንድ የተገለበጠ ተስፋ፤ ያውም ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ። በትልቅ መድረክ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ይህን ያህል ነገር ሲለወጥ ያላየሁበት ቀን አለ።

ሙከራ ላይ ያለ ሥራ ሳይ የምጠይቀውም ከዚህ የመጣ ነው፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰውዬው የት ቆሟል? ከመዝፈኑ በፊት ከነበረበት ካልተንቀሳቀሰ ዘፈኑ ቢወጣ ማንም አይናፍቀውም። እኛ አገር «ሙዚቃዊ» የሚባሉ ብዙ ተውኔቶች የሚታመሙት እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ይቆማል፣ መብራቱ ቀለም ይለውጣል፣ ተወዛዋዦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ታሪኩ ካቆመበት ይቀጥላል። ዜማውንም አዳምጡ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የተባሉ አራት ቅኝቶች እያሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንዱ ብቻ የሚዘፍን ገጸ ባሕርይ ሐዘኑም ቁጣው፣ ቁጣውም ሐዘኑ ነው። በትዝታ ሲለማመጥ ቆይቶ በአንቺሆዬ የሚቆጣ ሰው ግን ቃሉ ባይሰማ እንኳ ልቡ እንደተለወጠ ጆሮ ያውቃል። ሌላው መለኪያዬ አስተናጋጁ ነው። ትሪ ይዞ መሐል መንገድ ላይ ከቆመ ሥራው ይዟል ማለት ነው። እሱ ለማጨብጨብ አልመጣም፣ ሥራ ላይ ነው።

አዲስ አበባ የምትኖሩ በራስ ሆቴል በየወሩ ሲካሄድ የኖረውን ግጥም በጃዝ ታስታውሳላችሁ። ግጥሙ፣ ዲስኩሩ፣ አጭር ተውኔቱና ሙዚቃው በአንድ ምሽት ሲጋፉ፣ አንዳንዱ ገጣሚ ሳያስበው ተዋናይ ሲሆን እዚያ አይቻለሁ። በክፍለ ሀገር ደግሞ የኪነት ቡድኖቹ ነበሩ። የወሎው ላሊበላ ማሪቱ ለገሰን፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ይሁኔ በላይን አውጥተዋል። በደርግ ጊዜ ብዙ ነገራቸው ቅስቀሳ ነበር፣ ያ አይናፍቀኝም። የሚናፍቀኝ መዞራቸው ነው። ጥላሁን ገሠሠን አስቡት። ወሊሶ ተማሪ ሳለ የሀገር ፍቅር ቡድን፣ እነ ንጋቷ ከልካይና እዮኤል ዮሐንስ፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው አሳዩ። እዮኤልን ቀርቦ አናገረው። ከዚያ በኋላ አላስቀምጥ አለው፤ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ፣ ቱሉ ቦሎ ሲደርስ ተይዞ ተመለሰ፣ በሌላ ጊዜ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ገባ። ቡድኑ ባይዞር ኖሮስ?

ወደ እኛ ማንም ዞሮ አይመጣም ብላችሁ የምትጽፉልኝ የይፋት ልጆች፣ እንግዲያው መድረኩ በራችሁ ላይ ነው። እዚህ ከታዳሚው ብዙው መጠጥ አይቀምስም፣ ስለዚህ ቡና ይፈላ። መንዙማ ዒባዳ ነው፣ ሆቴል በረንዳ ላይ ይዛችሁት አትውጡ። ግን በመንዙማና በሠርግ ዘፈን ያደገ ሕዝብ መቀበል ያውቅበታል፤ አውራጁ ሲያወርድ ዝም ብሎ አይመለከትም፣ ይህ ሌላ ቦታ በገንዘብ የማይገኝ ታዳሚ ነው። ሁለት ሦስት ዘፈን፣ ሩብ ሰዓት የማይሞላ ታሪክ ይበቃል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን፣ ከዚያ በፊት በዚህ ሙቀት ማንም አይሰማችሁም። ማይክራፎን አትከራዩ፤ ድምፁ ሲጮህ የግጥሙ ድካም ይደበቃል።

እዚሁ ከተማ የጀመሩ ልጆች አሉ። የማሾ ደላላና የአንድ ገበሬ ታሪክ ነው። ሁለት ዘፈን ደርሶላቸዋል፤ የመጀመሪያው፣ ደላላው በስልክ ለአንዱ ዋጋ እየሰቀለ ለሌላው የሚያወርድበት፣ ይዞኛል። ሁለተኛው ገና ነው። ዋጋው ወድቆ ደላላው ብቻውን ያዝናል፣ ያዝናል፣ ያልቃል። እኔ ያልኳቸው ገበሬው ከመሐል ገብቶ ዜማውን ይንጠቀው ነው። ያ ሁሉ ማሾ የማን ሆነና ነው ሐዘኑ የደላላው ብቻ የሚሆነው? ዘፋኙ ተከራክሮኛል፤ ቆንጆ ዜማ ስለሆነች ሊያካፍላት አልፈለገም። አስተካክለው ሲያወጡት ቀኑንና ሆቴሉን እዚሁ አሳውቃለሁ።