ያገለገለ ታንኳ ገዢ የለውም

ጓንግ ጀልባ አይችልም። ከጭልጋ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ በመተማ ቆላ ወርዶ፣ ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚባለው ይህ ወንዝ በበጋ አሸዋና ኩሬ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በሰኔ 1861 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሱዳን ውስጥ በደረቀው አትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ሌሊት የሩቅ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ሰማ። ሲነጋ 450 ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ከ4 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ወንዝ ፊቱ ተዘርግቶ አገኘ። ዝናቡ የጣለው እሱ ከነበረበት በረሃ ሳይሆን ከኛው ተራሮች ላይ ነው። በኋላ ወንዙን ሲሻገር ያደረገው ደግሞ ያስቃል፤ በአየር በተነፉ ስልቻዎች ላይ አልጋ አስሮ፣ ከአልጋው ላይ የራሱን የገላ መታጠቢያ ገንዳ አስቀመጠበት። ለጓንግ የሚሆን ጀልባ ካለ ይኸው ነው፤ ለአንድ መሻገሪያ ታስሮ ማዶ ሲደርስ የሚፈታ።

ስለዚህ ቅዳሜና እሁድን ውሃ ላይ ማሳለፍ የሚያምረው የመተማ ቤተሰብ ሽቅብ መውጣት አለበት። በሸኸዲ፣ በአይከል አድርጎ አዘዞ ይደርስና ከዚያ ወደ ጎርጎራ ይታጠፋል። ጎርጎራ የጣና ሰሜናዊ ወደብ ናት። ከፊቷ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሐይቅ ተዘርግቷል፤ ባሕር ዳር በወዲያኛው ጫፍ ናት። የሞተር ጀልባ አለ። ለዘመናት የሐይቁን ሰው ያመላለሰው ግን ታንኳ ነው።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር ረግረግ ውስጥ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አናቱ የተንጨባረረ ተክል ነው። አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡን አየር የቋጠረ ለስላሳ ቡጥ ይሞላዋል፤ የሚንሳፈፈውም በዚህ ነው። ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹ በገመድ ይጠፈራሉ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር አይነካውም፣ ቀለምም አይቀባም። ውሃ የማያስገባ ሆድ እንኳ የለውም፤ ውሃው በነዶዎቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣል፤ ተሳፋሪው እንዳይረጥብ ከላይ ሌላ ደንገል ይነጠፍለታል። ገልብጦ ሊጥል ይችላል፤ ተቀዶ ሊሰምጥ ግን አይችልም፤ ብዙ ውድ ጀልባ ይህን አይመካበትም። በዚህ ሙያ ስማቸው የሚነሣው ቀድሞ ጉማሬ አዳኞችም የነበሩት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ ወይጦዎች ናቸው።

የታንኳ ባለቤትነት ከባዱ ክፍል ማድረቅ ነው። ከጉዞ መልስ ወደ ዳር ተጎትቶ ለፀሐይ ይሰጣል። ያልደረቀ ታንኳ ይከብዳል፤ የከበደ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ቶሎ ይበሰብሳል። ቢንከባከቡትም ዕድሜው በወራት ነው የሚቆጠረው። ታዲያ ያገለገለውን ማን ይገዛል? የአዲሱ ዋጋ የአጨዳና የእጅ ሙያ ዋጋ ነው፤ አሮጌው ሲበቃው ተጥሎ ሌላ ይታሰራል።

ይህ ደካማ የሚመስል ሣር ግን ሸራ ተሸክሞ ውቅያኖስ አቋርጧል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና 12 ቶን ያህል ደንገል አስጭኖ ግብፅ ወሰደና ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ የቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች 15 ሜትር የምትረዝመውን «ራ»ን አሰሩለት። በግንቦት 1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ የኋላ ክፍሏ ውሃ ውስጥ ተዘፈቀና ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ ከቦሊቪያ በመጡ የቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች እጅ የታሰረችው፣ ደንገሏም ከኢትዮጵያ የሄደው «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ትታያለች። ርዝመቷ 12 ሜትር ነው።

12 ሜትር ደግሞ፣ በሌላው ዓለም ቤተሰብ ለዕረፍት ቀኑ የሚገዛው መካከለኛ የሸራ ጀልባ ከሚደርስባቸው ልኮች አንዱ ነው። ከ9 ሜትር ይጀምራል፤ አልጋ፣ ማብሰያና ትንሽ የናፍጣ ሞተር አለው። ብዙዎቹ የሚገዙት ያገለገለ ነው፤ ምክንያቱም አካሉ ፋይበርግላስ ስለሆነ አይበሰብስም። ካታሊና 30 የተባለው የአሜሪካ ጀልባ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከ6,000 በላይ ተሠርቷል፤ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ገዢው የጀልባውን ጣሪያ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ይሄዳል፤ ድምፁ ከታፈነ ውሃ ውስጡ ገብቷል ማለት ነው። ምሰሶውን የሚወጥሩት የብረት ገመዶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይለወጣሉ። ከሆዱ በታች ወርዶ ጀልባውን ቀጥ የሚያደርገው ከባዱ ክንፍ የታሰረባቸው ብሎኖችም ዝገታቸው ይታያል። ባለ ጀልባዎች በዓመት የግዢውን ዋጋ አንድ አሥረኛ ለጥገናና ለማቆሚያ ያስባሉ። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ታንኳ ለፀሐይ የሚሰጠውን ፋይበርግላስ በገንዘብ ይከፍለዋል።

እንዲህ ያለ ጀልባ ጣና ላይ ይሆናል? ነፋሱ አለ። ጠዋት ሐይቁ ረጋ ይላል፤ ታንኳ ቀዛፊው የሚወጣውም ያኔ ነው፤ ባለ ሸራው የሚፈልገው ግን ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነው። ችግሩ ጥልቀቱ ነው። ጣና ጥልቅ በተባለበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ዳሩማ ጭቃና ደንገል ነው፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ ሰፍሯል። ሁለት ሜትር ገደማ የሚወርድ ክንፍ ያለው ጀልባ መሀል ላይ ይንሸራሸራል እንጂ ወደ ዳር ሲጠጋ ጭቃ ውስጥ ይተከላል። ሚዛኑ በብዙ ቶን የሚቆጠር ስለሆነም በጭነት መኪና ተጎትቶ፣ በክሬን ተነሥቶ ነው ውሃ የሚገባው። ለጎርጎራ የሚመቸው 7 ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ክንፉ ወደ ላይ የሚሳብ፣ በተሳቢ ተጭኖ ከፒክ አፕ ኋላ የሚጎተት ጀልባ ነው፤ ክረምት ሲመጣ አውጥቶ ግቢ ውስጥ ማቆም ይቻላልና።