ጁባ ላይ ደምን በብርሃን መለካት

የዝናቡ ወራት ሲገባ በጁባ የጤና ተቋማት በወባ የታመሙ ሕጻናት ይበዛሉ። የወባ ተሕዋስያን ቀይ የደም ሴሎችን እያፈረሱ ስለሚባዙ፣ ከትኩሳቱ ጋር የደም ማነስ ይመጣል። ሐኪሙ የልጁን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጎ፣ መዳፉንም አይቶ መንጣቱን ያውቃል። ምን ያህል እንዳነሰው ግን በዓይን አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን) በዴሲሊትር ከ4 ግራም በታች የወረደ ልጅ ደም እንዲሰጠው ይላል፤ ከ4 እስከ 6 ግራም ያለው ደግሞ የሚታይበት የአደጋ ምልክት ይመዘናል። ደም እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቁጥሩን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሊሰጥ ይችላል። የታወቀው የስዊድኑ ሄሞኪዩ ነው። ከጣት ጫፍ የተወሰደ 10 ማይክሮሊትር ገደማ ደም በቀጭን የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ይገባና በአንድ በኩል ብርሃን ይበራበታል፤ በሌላው በኩል ያለው ሴንሰር ያለፈውን ብርሃን ይለካል። ሄሞግሎቢን በበዛ ቁጥር የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል።

301 የተባለው ሞዴል 506 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ይጠቀማል። በዚህ ሞገድ ላይ ኦክስጅን የያዘውም ያልያዘውም ሄሞግሎቢን ብርሃን የሚውጠው እኩል ነው፤ ስለዚህ ደሙን በኬሚካል ማዘጋጀት አያስፈልግም። በ880 ናኖሜትር የሚደረገው ሁለተኛ ልኬት የደሙ ድፍርስነት የሚያመጣውን ስሕተት ያርማል።

ለጁባ ትልቁ ቁም ነገር ይህ የኬሚካል አለመኖር ነው። የቀደመው 201 ሞዴል መያዣ ውስጡ ደረቅ ኬሚካል አለው፤ እርጥበት ያበላሸዋል፣ ማሸጊያው ከተከፈተም ከ3 ወር በላይ አያገለግልም። በጁባ በበጋ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ ከዚያ ረጅም የዝናብ ወቅት ይከተላል። ኬሚካል የሌለው መያዣ ግን እስከ 40 ዲግሪ ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በመጠለያዎች በሚያካሂደው የሥነ ምግብ ጥናት የሴቶችንና የሕጻናትን የደም ማነስ የሚለካው በሄሞኪዩ ነው። ያም ሆኖ የሚለካው ሰው እጅ ወሳኝ ነው፤ ጣት አጥብቆ ከተጨመቀ ከሥጋ የሚወጣ ፈሳሽ ደሙን ያቀጥነዋል፣ ቁጥሩም ከእውነቱ በታች ይወርዳል።

ስለዚህ ለደቡብ ሱዳን ጤና ጣቢያዎች መሣሪያ የምትገዙም የምትለግሱም፣ መያዣው ስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለባለሙያው ሥልጠናም በጀት ያዙ።