ድምፅን ያወረሱ ሴቶች መታሰቢያ

ከሐዋሳ ከተማ በላይ የሚታየው ተራራ ታቦር ይባላል። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈ፥ ዲቦራ በእስራኤል ላይ ትፈርድ በነበረበት ዘመን ባርቅን ዐሥር ሺህ ሰው ይዞ ወደ ታቦር ተራራ እንዲወጣ አዘዘችው፤ እርሱም ያለ እርስዋ ለመሄድ አልወደደም። እንግዲህ ታቦር የሚለው ስም ከጥንት ጀምሮ የሴት ቃል ከተሰማበት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ ስለ ክልልነት ድምፅ በሰጠ ጊዜ፥ በሐዋሳና በአገሩ ሁሉ እናቶችና ልጃገረዶች ከወንዶች እኩል ተሰልፈው መርጠዋል። የሲዳማ ሴቶች የምርጫ ካርድ ከመያዛቸውም አስቀድሞ ያካ የሚባል የራሳቸው ኅብረት ነበራቸው፤ ከእነርሱ አንዲቱ በተበደለች ጊዜ ሲቆ የተባለውን በትር ይዘው በአንድነት ወጥተው ፍርድ ይጠይቁላት ነበር።

ሆኖም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፥ መብትም እንዴት እንደ ተገኘ ካልታወቀ ጠባቂ አያገኝም። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት እንደራሴዎቹን የሚመርጠው ሕዝቡ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. ሕጉ ሲሻሻል ግን ወንዱም ሴቱም እንዲመርጥ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ ሕግ በሩን ቢከፍትም ደፍሮ የሚገባ ያስፈልጋል። በጠላት ዘመን ተማርከው በኢጣልያ አገር በአዚናራ ደሴት የታሰሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. ተመርጠው በምክር ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያይቱ ሴት ሆኑ።

በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደግሞ የሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት መቃብር ይገኛል። እኒህ እንግሊዛዊት በወጣትነታቸው ስለ ሴቶች የምርጫ መብት ብዙ ጊዜ ታስረዋል፤ በወህኒ ቤትም ምግብ አንቀበልም ባሉ ጊዜ በግድ ይመግቧቸው ነበር። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜም በ1928 ዓ.ም. ጋዜጣ አቋቁመው ስለ ነፃነትዋ ተሟገቱ። በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ኖሩ፤ በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ቀን ዐረፉ። ኢትዮጵያም ውለታቸውን ሳትረሳ አርበኞቿ ባረፉበት ስፍራ በክብር ቀበረቻቸው።

በእንግሊዝ አገር የእናታቸው የወይዘሮ ኤመሊን ሐውልት በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1930 ዓ.ም. በምክር ቤቱ አጠገብ ቆመ። ነገር ግን በምክር ቤቱ ፊት ባለው አደባባይ የሴት ሐውልት የቆመው በ2018 ነው፤ እርሱም የወይዘሮ ሚሊሰንት ፎሴት ነው። ሴቶች በከፊል የመምረጥ መብት ካገኙበት ከ1918 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ መቶ ዓመት አልፏል። መታሰቢያ የሚዘገየው ገንዘብ ስላጠረ ብቻ አይደለም፤ ባለውለታን ለማወቅ መዘግየትም አለበት።

ሐውልት ለተራበ እንጀራ አይሆንም የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን የእንጀራው ነገር የሚመከረው በሸንጎ ነው፤ በሸንጎው የሚቀመጠውን የሚመርጥ ደግሞ ድምፅ ነው። ስለዚህ መታሰቢያው ለታሪክ አዋቂ ብቻ ሳይሆን ለመራጭዋ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ከዋና ከተማ ርቆ መራጭዋ በምትኖርበት ቢቆም የተሻለ ነው።

ለዚህም የታቦር ግርጌ የተገባ ስፍራ ነው። ብዙ ወርቅና ነሐስ አያስፈልግም፤ በሲዳምኛና በአማርኛ የተቀረጸ አንድ ድንጋይ ይበቃል። በላዩም የያካ እናቶች፥ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩና ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት ከነሥራቸው ይጻፉ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያን የምታነብ ልጃገረድ ዕድሜዋ ደርሶ የምርጫው ቀን ሲመጣ፥ ዝናብ ቢዘንብም ከሰልፉ አትቀርም።