ክረምት ሳይገባ ቤታችንን እንመልከት

ቤት የሠራ ሰው ቁልፉን በእጁ በጨበጠ ቀን ድካሙ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ቤት እንደ ከብትና እንደ አትክልት ሁሉ ጠባቂ የሚፈልግ ነገር ነው። ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ነፋስ ያነቃንቀዋል፤ ከሁሉም ይልቅ ውሃ በቀስታ ይበላዋል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ወንዝ ለሚሻገር ሰው ብቻ አይደለም፤ በጣራውና በግድግዳው በኩል የምትገባውን ጠብታ በቸልታ ለሚመለከት ባለቤትም ጭምር ነው።

ስለዚህ በጋው ሳያልፍ፤ የሰኔም ደመና ሳይጠቁር፤ የቤት ባለቤት የሆነ ሁሉ ቤቱን ከጣራው እስከ መሠረቱ እንዴት መመርመርና ማደስ እንደሚገባው በዛሬው ጽሑፋችን ለመግለጽ አስበናል። ነገራችን የሚያዘወትረው በከተሞቻችን ዘወትር የምናየውን በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በቆርቆሮ የተከደነውን ቤት ነው። ይሁን እንጂ ከምክሩ የሚበዛው ለድንጋይና ለብሎኬት ቤትም ይጠቅማል።

አንዲት ነጠብጣብ ያስተማረችን

ይህን ምክር የምንሰጠው እኛ ሳንሳሳት ቀርተን አይደለም። በአንድ ዓመት በነሐሴ መጨረሻ በልጆቻችን መኝታ ክፍል ኮርኒስ ላይ ሳንቲም የምታህል ቡናማ ነጠብጣብ አየን። «ክረምቱ ሊወጣ አይደለምን?» ብለን ተውናት። መስከረም ጠባ፤ ፀሐይ ወጣ፤ ነጠብጣቢቱም ደረቀች፤ እኛም ረሳናት። በሚቀጥለው ሐምሌ ግን ያችው ነጠብጣብ ሰፍታ አክንባሎ አክላ ተገኘች። አንድ ሌሊት በረዶ የተቀላቀለበት ኀይለኛ ዝናብ ሲወርድ ኮርኒሱ ተገንጥሎ በልጆቹ አልጋ ላይ ወደቀ። በዚያች ሌሊት ልጆቹ ነጐድጓዱን ፈርተው ከእናታቸው ዘንድ ተኝተው ስለ ነበረ እግዚአብሔር አተረፋቸው እንጂ የሚሆነውን ለማሰብ እንኳ ያስፈራል።

በማግሥቱ ያስጠራናቸው ሽማግሌ አናጢ ወደ ጣራው ወጥተው አንድ ሚስማር በእጃቸው ወደ ወራጁ ቢገፉት እንደ ቅቤ ገባ። የጥፋቱ ሁሉ ምክንያት አንድ የላላ የቆርቆሮ ሚስማር ነበር። ሽማግሌውም ከመሰላሉ ወርደው እጃቸውን እያራገፉ «ጌታዬ፤ ቤትዎን የጎዳው ክረምቱ አይደለም፤ በጋውን ሙሉ ዝም ማለትዎ ነው» አሉን። አንዲት ሚስማር በጊዜዋ ተለውጣ ቢሆን ኖሮ ሁለት ወራጅና አንድ ሙሉ ኮርኒስ፤ ከደመወዛችንም እኩሌታው ባልጠፋ ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የቤቱን አካላት በስማቸው ማወቅ

ባለቤቱ አናጢውን ጠርቶ «ቤቴ ተበላሽቷል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከሌለው፤ ምን እንደሚሠራለትና ስለ ምን እንደሚከፍል ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ የቤቱን አካላት ስም ማወቅ የእድሳት መጀመሪያ ነው።

መሬት ተቆፍሮ ቀጥ ብሎ የሚቆመው እንጨት ቋሚ ይባላል። በቋሚዎቹ ላይ በአግድም እየተደረደረ በሚስማር የሚመታው ቀጭን እንጨት ማገር ነው፤ ጭቃውን ይዞ የሚያቆመውም እርሱ ነው። ከጣራው ጫፍ ወደ ግድግዳው የሚወርደው እንጨት ወራጅ ሲሆን፤ በወራጁ ላይ ተመትቶ ቆርቆሮውን የሚቀበለው የጣራ ማገር ነው። ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ የሚወጣው የጣራ ጠርዝ ክፈፍ ይባላል፤ በክፈፉ ሥር ውሃውን ተቀብሎ የሚያወርደው ደግሞ አሸንዳ ነው። የድንጋዩ መሠረት ከመሬት ከፍ ብሎ የሚያበቃበት መስመር ውሃ ልክ ይባላል። በግድግዳው ላይ አስቀድሞ የሚለጠፈው ወፍራም ጭቃ ምርግ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረበው ቀጭኑ ልስን ነው። «በምሥራቅ በኩል ክፈፉ አጠገብ ጣራው ያፈሳል፤ ወራጁንም ይዩልኝ» ብሎ ማዘዝ የሚችል ባለቤት ጊዜም ገንዘብም ይድንለታል።

ጣራና አሸንዳ

ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተለበጠው ዚንክ ነው። ይህ ልባጭ አስቀድሞ የሚጎዳው በሚስማር ቀዳዳ ዙሪያና ሁለት ቆርቆሮ በሚደራረብበት ጠርዝ ላይ ስለ ሆነ ዝገትም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ከዚህም በቀር ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ሲግል ይሰፋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩን ከእንጨቱ ቀስ በቀስ ይነቅለዋል።

ቀዳዳውን ለማግኘት ፀሐይ በደመቀችበት ሰዓት ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ ወደ ጣራው መመልከት ነው፤ ቀዳዳ ያለበት ሁሉ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ውሃ ከገባበት ቦታ ቀጥ ብሎ እንደማይወርድ ግን መዘንጋት አይገባም። ወራጁን ተከትሎ ወርዶ በሌላ ሥፍራ ስለሚንጠባጠብ ቀዳዳው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከነጠብጣቡ በላይ፤ ወደ ጣራው ጫፍ በኩል ነው።

የላላው ሚስማር በዚያው በሰፋው ቀዳዳ ተመልሶ ቢመታ ብዙ አይቆይም። ነቅሎ በእርሱ ፈንታ ወፈርና ረዘም ያለ፤ ከቆቡ ሥር የጎማ ክብ ያለው ሚስማር መምታት ይገባል። ሚስማር ምን ጊዜም የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃው የሚወርደው በጎድጓዳው ነውና። ትንሽ ቀዳዳ ሲሆን ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ በሬንጅ የተነከረ ጨርቅ መለጠፍ ይበቃል። ቀዳዳው የሰፋ እንደ ሆነ ግን አዲስ ቆርቆሮ ይደረጋል፤ የአዲሱም የላይኛው ጠርዝ ከበላዩ ካለው ቆርቆሮ ሥር መግባት አለበት። ይህ ካልሆነ ማደሱ ውሃን ወደ ቤት መጋበዝ ይሆናል።

ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው ቆርቆሮው በደረቀበት ጊዜ ይውጣ፤ መሰላሉን የሚይዝለት ሰው ይኑር፤ ሲራመድም ሚስማር በተመታበት መስመር ላይ ይርገጥ፤ ከሥሩ ማገር ያለው እዚያ ነውና። የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅርብ የሚያልፍ ከሆነ ግን ሥራውን ለባለ ሙያ መተው ይሻላል።

አሸንዳን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ይቈጥረዋል። ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1200 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ይህም ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን 60 ጊዜ ይሞላል። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ ቢገኝ ይህ ሁሉ ውሃ የሚፈስሰው በግድግዳው እግር ላይ ነው። ስለዚህ አሸንዳን በግንቦት አንድ ጊዜ፤ በክረምቱም መካከል ደግሞ ሌላ ጊዜ መጥረግ ያስፈልጋል።

ግድግዳና መሠረት

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ በእንጨት እጥረት ተቸግራ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ግን ማገዶም የቤት እንጨትም ሆኖ ከተማይቱን አቆያት። ይሁን እንጂ ይህ ባለውለታ እንጨት እንደ ጥድ እርጥበትንና ምስጥን አይቋቋምም። የሚበሰብሰውም በተለይ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ የቋሚዎቹን እግር በሹል ብረት ወጋ ወጋ አድርጎ መመርመር ይገባል። ብረቱ ያለ ችግር የሚገባ ከሆነ እንጨቱ አብቅቷልና ግድግዳው ሳያዘነብል በአዲስ መለወጥ አለበት። አዲሱ ቋሚ ከመተከሉ በፊት መሬት ውስጥ የሚገባው ክፍሉ በሬንጅ ቢቀባ ዕድሜው ይረዝማል።

ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ ጠላት አለ። ይኸውም በየዓመቱ ከግድግዳው ሥር የሚከማቸው አፈር ነው። ጥራጊ ሲጣል፤ አበባ ሲተከል፤ ጎርፍም ደለል ሲያመጣ አፈሩ ቀስ በቀስ ከፍ ብሎ ውሃ ልኩን ያልፍና ጭቃውን ይነካል። ያን ጊዜ ግድግዳው እርጥበትን እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ይስባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አካፋ አንሥቶ አፈሩን ከውሃ ልኩ በታች ማውረድ፤ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ ውሃ የሚወጣበትን ቦይ መቅደድ ነው። ቦዩ ግን ወደ ጎረቤት ግድግዳ የሚያፈስስ መሆን የለበትም፤ የራስን ቤት ለማዳን የሰውን ቤት ማፍረስ ነውር ነው።

ጭቃው በወደቀበት ቦታ የላላውን ሁሉ እስከ ጠንካራው ድረስ ማራገፍ፤ ቦታውን በውሃ ማርጠብ፤ ከዚያም በጭድ የተቦካ ጭቃ መምረግ ነው። የጤፍ ጭድ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ አንድ አድርጎ ይይዘዋል። ጭቃው በተቦካ ዕለት አይመረግም፤ ጥቂት ቀናት ከርሞ፤ እንደ ገና እየታሸ፤ ጭዱ ሲለሰልስ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ምርጉ ደርቆ ስንጥቁን ከጨረሰ በኋላ ልስኑ ይደረባል። ልስኑ ሳይደርቅ ዝናብ ከደረሰበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን፤ ይህ ሥራ ለሰኔ የሚተው አይደለም። ሲሚንቶ በጭቃ ላይ መለሰንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጭቃ በእርጥበት ያብጣል፤ ሲደርቅም ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን እንዲህ ስለማይሆን ይለያዩና በመካከላቸው ውሃ ይገባል። የገባውም ውሃ መውጫ አያገኝም።

ግድግዳ ቢሰነጠቅ ወዲያው መደንገጥም ሆነ ወዲያው መለሰን አይገባም። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን ያላለፈ ከሆነ ደፍኖ መቀባት ይቻላል። ምልክቱን አልፎ የሄደ፤ ወይም በርና መስኮት አልዘጋ ያለ እንደ ሆነ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ስለሚችል የሕንፃ ባለ ሙያ ይጠራ። እንደ ቦሌና እንደ አቃቂ ባሉት ጥቁር አፈር በሚበዛባቸው ሥፍራዎች ይህ ነገር ይዘወተራል፤ ጥቁር አፈር በክረምት እያበጠ በበጋ ይሰነጠቃልና።

በቆላ ለሚኖሩ፤ በተለይም በምዕራብ ወለጋ ላሉት፤ ከውሃ ያላነሰው ጠላት ምስጥ ነው። በግድግዳ ላይ እንደ ደም ሥር የተዘረጋ ቀጭን የአፈር መንገድ ከታየ ምስጥ ወደ እንጨቱ እየተጓዘ ነው። መንገዱን ማፍረስ ብቻ አይበቃም፤ ከየት እንደሚመጣ ተከትሎ ምንጩን ማግኘት ያስፈልጋል።

ቧንቧና ኤሌክትሪክ

በሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ያህል ውሃ፤ ማለት አንድ ሙሉ ጄሪካን ያፈስሳል። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለችው ትንሽ ክብ ጎማ ማርጀቷ ነው። ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘግቶ፤ የቧንቧውን ራስ ፈትቶ፤ ጎማዪቱን መለወጥ ለማንኛውም ባለቤት የሚቻል ሥራ ነው። ስለዚህ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ከልጅ እስከ አዋቂ ቤተ ሰቡ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ ቧንቧ በሌሊት ቢፈነዳ የሚፈለግበት ጊዜ አይኖርምና።

የኤሌክትሪክ ነገር ግን የተለየ ነው። በቤታችን የሚገኘው 220 ቮልት ኀይል ስሕተትን አይምርም። አምፖል ከመለወጥና ዋናውን ማጥፊያ ከማጥፋት ያለፈውን ሥራ ለባለ ሙያ መተው ይገባል። ፊውዝ በተቃጠለ ቍጥር በምትኩ ወፍራም ሽቦ መቋጠር ዘበኛውን አስሮ ሌባ መጠበቅ ነው፤ ፊውዙ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነውና። 3500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ በቀጭን ማራዘሚያ ሽቦ ሊሠራ አይገባውም። ጣራው በሚያፈስበት ክፍል ደግሞ ውሃው ወደ ሽቦው መድረሱን ሳያረጋግጡ ማብሪያውን በእርጥብ እጅ መንካት ሕይወትን ያሳጣል።

የቤት መዝገብ

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። በመሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ጉዳይ መዝገብ ይከፈታል፤ ቀኑ ይጻፋል፤ የተሠራውና ያልተሠራው ተለይቶ ይታወቃል። በዚህ ሥራ ተካነው የሚውሉ ሰዎች ግን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለቤታቸው አንዲት ቅጠል ወረቀት እንኳ የላቸውም። አንድ ደብተር ገዝቶ ጣራው መቼ እንደ ተከደነ፤ የትኛው ሚስማር እንደ ተለወጠ፤ ስንጥቁ በየትኛው ቀን እንደ ታየ፤ ለአናጢውና ለግንበኛው ምን ያህል እንደ ተከፈለ መጻፍ ብዙ ድካም የለውም። ጥቅሙ ግን ብዙ ነው፤ ሰው ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም።

እኛም ከዚያች ሌሊት ወዲህ እንዲህ ያለ ደብተር አለን። በየዓመቱ በሚያዝያ ገልጠን እናነበዋለን፤ መሰላሉንም አውጥተን ወደ ጣራው እንወጣለን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ነጠብጣብ» ይላል። ልጆቻችን ዛሬም በዚያው ክፍል ይተኛሉ፤ ዝናቡ ሲወርድ ድምፁን እየሰሙ ያንቀላፋሉ።