ከፈላና በር እስከ ገጠሩ መንደር፦ የብርድ ወራት የእግር ጉዞና ጤናችን

 

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሐረር ማለዳ ቀዝቃዛ፣ ነፋሱም ደረቅ ነው። በዚህ ወቅት በመድኃኒት ቤት ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «ብርዱ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ ስኳሬ ከፍ አለ፤ ኪኒኑን ልጨምረው ወይ?» ኪኒን መጨመርም ሆነ መቀነስ የሐኪም ውሳኔ ነው። ከቤት ወጥቶ መራመድ ግን አብዛኞቻችን የምንችለው ነገር ነው። በዛሬው ዓምዳችን በታኅሣሥ ወር ከጥቂት እናቶችና እህቶች ጋር ያደረግነውን አጭር የእግር ጉዞ መነሻ አድርገን፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው በብርድ ወራት ሲጓዝ ምን እንደሚጠቅመውና ምን ቢዘነጋ እንደሚጎዳው እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

ከበሩ ወዲያ

ፈላና በር፣ በሐረሪዎች አጠራር አሱም በሪ፣ ከጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች ሰሜናዊው ነው። ግንቡ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የተሠራ መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። በማለዳ በበሩ ዳር የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ሕይወት ያያል። የገጠር እናቶች አትክልቱንና ማገዶውን ተሸክመው ወይም በአህያ ጭነው ረጅም መንገድ በእግራቸው መጥተው ይገባሉ። እኛ የከተማ ሰዎች ደግሞ ለአጭር መንገድ ባጃጅ እንጠራለን፤ ከሰዓት በኋላም በርጫ ላይ ለሰዓታት እንቀመጣለን።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወዲያው አልወጣንም፤ ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቅን። የሐረር ጅቦች ሌሊቱን በግንቡ ቀዳዳዎች ገብተው የሚወጡ በመሆናቸው ጨለማ ሳይገፍ ከከተማ መራቅ ጥሩ አይደለም። ብርዱም ቢሆን ፀሐይ ስትወጣ ይቀንሳል።

ከቤቶቹ ስንርቅ የማሽላው አዝመራ ተሰብስቦ አገዳው በየማሳው ዳር ተከምሮ አየን። አገዳው ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃውም ማገዶ ነው። ደረቁ መሬት መካከል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ውኃ የሚጠጣው ጫት ነው። ፍየል የሚነዱ ልጆችና ወደ ገበያ የሚወርዱ እናቶች «አከም ቡልተን» እያሉ ሰላምታ ይሰጡናል፤ እኛም እንመልሳለን። እንዲህ እያወጋን ወደ አንዲት ትንሽ መንደር ደረስን።

በብርድ ላይ ላብ

መንደሯ መግቢያ ላይ አብረውን ከነበሩት እናቶች አንዷ ወደ ኋላ ቀሩ። «ምን ሆኑ እናቴ?» ስላቸው «ደከመኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም» አሉ። ነገር ግን ሁላችንም ሻል ተከናንበን ሳለ የእሳቸው ግንባር በላብ ርሷል፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ስጠይቃቸው የስኳር መድኃኒታቸውን፣ ግሊቤንክላማይድን፣ ከሱብሒ በኋላ ውጠው «ቁርሱን ስመለስ እበላለሁ» ብለው ባዶ ሆዳቸውን ነበር የወጡት።

አንዲት የመንደሯ እናት ሁኔታውን አይተው «ሆጃ ላፍላላቸው፣ ይሞቃቸዋል» አሉ። ሐሳቡ ከደግነት የመጣ ነው። ሆኖም በወተት የሚፈላ መጠጥ ስብ ስላለበት ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም አይደርስም። ስለዚህ ስኳር ለምነን በውኃ በጥብጠን አጠጣናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚያ የማሽላ ቂጣ በሉ፤ ሆጃውንም በመጨረሻ ሁላችንም ጠጣን፤ አልሐምዱሊላህ።

ይህ የደም ስኳር መውረድ ይባላል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ማለት ነው። ስንራመድ ጡንቻችን ስኳርን ከደም ይወስዳል፤ የጉዞው ጥቅምም ይኸው ነው። ነገር ግን እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ኪኒኖች፣ እንዲሁም ኢንሱሊን፣ ምግብ ባይበላም ስኳርን ማውረዳቸውን አያቆሙም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ይህን የሚያስከትለው አልፎ አልፎ ነው።

ምልክቶቹ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መጨመር፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ናቸው። ለደም ግፊት ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስዱ ሰዎች የልብ ምቱና መንቀጥቀጡ ላይታወቃቸው ይችላል፤ ላቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቀርም። በብርድ ያላበን ሰው «ደክሞት ነው» ብለን አንለፈው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሰውየው ንቁ ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለው መድገም ነው። ሲሻለው ምግብ ይብላ፤ የኪኒኑ ኃይል ለሰዓታት ስለሚቆይ ስኳሩ እንደገና ሊወርድ ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር በአፉ አይደረግ፤ ትንታ ይገድለዋል። ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሁለተኛ፣ ቁርስ ሳይበሉ አይውጡ፤ በኪስዎም ስኳር ወይም ተምር ይኑር። ኢንሱሊን የሚወጉ ከጉዞ በፊት ጭን ላይ ሳይሆን ሆድ ላይ ቢወጉ ይመረጣል፤ የሚሠራ እግር ኢንሱሊኑን ቶሎ ይመጠዋልና።

ሦስተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። እያወጉ መራመድ ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ትንፋሽ ካጠረዎት ይቀንሱ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማጥወልወል ከተሰማዎት ቆመው እርዳታ ይጠይቁ።

አራተኛ፣ አስም ያለበት ሰው ደረቁ ብርድ ደረቱን ስለሚያፍነው አፍንጫና አፉን በሻል ይሸፍን፤ የሚነፋውን ሳልቡታሞልም አይርሳ።

አምስተኛ፣ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ቅሞ ዳገት መውጣት ለልብ፣ ቅሞ ምግብ መዝለል ደግሞ የስኳር ኪኒን ለሚወስድ ሰው አደጋ ነው።

እግርን መጠበቅ

የስኳር ሕመም ከቆየ የእግር ስሜት ይደነዝዛል። የበለስ እሾህ ወይም ጠጠር ቢወጋው ባለቤቱ አያውቅም፤ ትንሹ ቁስልም አመርቅዞ እግር እስከመቁረጥ ያደርሳል። ስለዚህ ክፍት ጫማ ለብሰን ወደ ገጠር አንውጣ፤ ከማጥለቃችንም በፊት የጫማውን ውስጥ እንዳስስ። በብርድ ወራት ደግሞ የደነዘዘ እግርን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማሞቅ ክፉኛ ያቃጥላል። ለውዱእ የሞቀውን ውኃም በእግር ሳይሆን በክርን እንለካ።

እኛ ሙስሊሞች በቀን በተደጋጋሚ ውዱእ ስናደርግ እግራችንን እናጥባለን። በእያንዳንዱ ውዱእ የውስጥ እግራችንን ብንመለከት፣ በጣቶቻችን መካከል ያለውንም እርጥበት በንጹህ ጨርቅ ብናደርቅ ብዙ ቁስል ገና ሳይሰፋ ይታያል። ዓይኑ የደከመ ሰው ልጁን «እስቲ እዪልኝ» ይበላት። በጉዞው ስኳራችን ቢስተካከልም መድኃኒታችንን በራሳችን አናቁም፤ የተለካውን ውጤት ይዘን ወደ ሐኪማችን እንሂድ። መጠኑ የሚቀነስ ከሆነ እሱ ይቀንስልናል። አላህ ጤናውን ያብዛልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።